ከቡሌ ኮረብታ ያወረድነው ጉድ

ጡረታ የወጣ ሰው ጠላቱ ጉልበቱ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። ጠላቱ የእህቱ ልጅ ናት።

የኔዋ ሰላም ትባላለች። ሐዋሳ በመንገድ ሥራ ቀያሽ ናት። ሁለት ስልክና አንድ ጂፒኤስ ይዛ የምትዞር፣ አርባ ደቂቃ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ። ለእረፍት ዲላ እኔ ዘንድ ስትመጣ ሁለት ቀን ሰው መስላ ትከርምና በሦስተኛው ቀን፣ «ጋሼ፣ ለምን አንድ ቦታ አንሄድም?» ትላለች። አንድ ቦታ! እኔ እኮ አንድ ቦታ ላይ ነኝ። ወንበሬ ላይ።

ያን ጊዜ ይዛ የመጣችው ጨዋታ ግን የባሰ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ ላስረዳችሁ። ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ ምን ያደርጋል? የላስቲክ ሣጥን ይገዛል። ደብተርና እርሳስ፣ አንድ ሁለት የማይረባ ዕቃም ይከትበታል። ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። ይደብቀዋል። ከዚያ የደበቀበትን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል። ሌላ ሥራ ፈት ቁጥሩን ይዞ ይመጣል፣ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ደብተሩ ላይ ስሙን ይጽፋል፣ መልሶ ይደብቀዋል።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ በቃ።»

«ሽልማቱስ?»

«ማግኘቱ ነዋ ጋሼ!»

የኛ ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ብሎ የተረተው ይህን ሳያይ ነው። ፈረንጅ ግን ከኛ ይሻላል። ኩበቱን ራሱ ጥሎ ራሱ ይለቅመዋል።

አንዱ ሣጥን ታዲያ የተደበቀው ከቡሌ ከተማ ወዲያ ያለ ኮረብታ ላይ ነው አለችኝ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን አገኘሁ ብሎ የጻፈ የለም። ኮረብታው በደርግ ጊዜ የወታደር ሰፈር ነበር። አሁን ችግኝ ተተክሎበት፣ በሽቦ ታጥሮ፣ «መናፈሻ» የሚል ታፔላ ተሰቅሎበታል። ቡሌ ለሚነፍስ ነፋስ መናፈሻ ማጠር ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። እዚያ አገር የማይነፍስበት ቦታ ካለ ነው ማጠር።

«አልሄድም» ልል አፌን ስከፍት «የወታደር ሰፈር» ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ደወለ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ለምን? በሃምሳ አለቃ ወልዴ ምክንያት።

ሃምሳ አለቃ ወልዴ ጎረቤቴ ነው። የእድራችን ዳኛም ነው። እኩዮች ስለሆንን አንተ ነው የምንባባለው። እሱ ዳኛ፣ እኔ ጡረተኛው መምህር ጸሐፊ ሆነን አሥራ አንድ ዓመት ቆይተናል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰው ሲሞት ቀብሩን እንደ ጦርነት ነው የሚመራው። «ድንኳን በግራ ክንፍ! አግዳሚ በቀኝ! መምህር፣ ስም ጥራ!» ይላል። ሬሳው ራሱ ተጠንቀቅ ብሎ የሚቆም ይመስለኛል። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ካቀረብኩ፣ «መምህር፣ ይህ በመጽሐፍ ጥሩ ነው። እኔ ግን ያን ኮረብታ ላይ የመድፈኛ ጦር ስመራ…» ይጀምራል። በቃ። በመድፍ ፊት ምን ዓይነት ሐሳብ ይቆማል?

ያን ኮረብታ። ገባችሁ? ያው የሰላም ኮረብታ ነው።

እኔ ደግሞ ጥርጣሬ ነበረኝ። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ወልዴም ስለ መድፍ ስትጠይቀው ስለ ጄኔራል ያወራል፤ ስለ ጄኔራል ስትጠይቀው ስለ ዝናብ። አንድም ቀን ወታደር ያልነበረ ይሆናል ብዬ ነበር። የእድሩ ምርጫ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልዋሽ አልፈልግም፤ የዳኛውን ወንበር ፈልጌዋለሁ። ደብተር ብቻ ተሸክሞ መሞት ያሳዝናል።

እናም ምን አደረግሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሃምሳ አለቃ፣ የእህቴ ልጅ ያንተን ኮረብታ ልታይ ትፈልጋለች። መንገድ መሪ ትሆነናለህ» አልኩት። መጀመሪያ ጉልበቱን አመመው። ቀጥሎ ዝናብ ይመጣል አለ። ቀጥሎ ጾም ነው አለ። ዕለቱ ፋሲካ ካለፈ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ሰው ሁሉ ያየዋል። «እሺ፣ እንሄዳለን» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ግዳጅ እንደሚላክ ሰው።

ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ያዝን። የቡሌ መንገድ ሽቅብ ነው፣ ጥርስ ያነቃንቃል። ከታች ቡናው፣ ከላይ እንሰቱ፣ ከዚያ ገብሱ፣ ከዚያ ብርዱ። ወልዴ መስኮት ዳር ተቀምጦ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶታል። እኔ በሆዴ «ይበልህ» እላለሁ። ክፉ ነኝ? ነኝ።

ከተማው ላይ ወርደን አንድ ሰዓት በእግር ሄድንና መናፈሻው በር ደረስን። ጥበቃው ዱላ ይዞ ብድግ አለ።

«ደብዳቤ» አለ።

«የምን ደብዳቤ?»

«የትብብር። ምን ልታደርጉ ነው የመጣችሁት?»

«ሣጥን ልንፈልግ» አለች ሰላም።

«ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?»

«ደብተር።»

«ምን የተጻፈበት?»

«ምንም ያልተጻፈበት።»

ጥበቃው ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። ባዶ ደብተር ፍለጋ ከዲላ ድረስ የመጣን ሦስት ጤነኞች! ወርቅ ብንለው ይቀለው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱ ደግሞ ወረቀት ሳይዝ አልለቅም አለ። ልንመለስ ስንል ወልዴ ድንገት ደረቱን ነፋና፣ «ጥበቃ! ተጠንቀቅ!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው ዱላውን ጣለና እጁን ከጎኑ ለጠፈ። «ይህ ኮረብታ በኔ ሥር ነበር! በር ክፈት!» በሩ ተከፈተ። ጥበቃው ራሱ እየመራ ገባ። እኔ ምን ያህል እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ። ውሸት ይሁን አይሁን ገና ያልተረጋገጠ ማዕረግ እንዲህ በር ይከፍታል? የኔ ዲግሪ አንድ ቀን እንኳ የቀበሌ በር ከፍቶልኝ አያውቅም።

ንዴቴን ልወጣ ጂፒኤሱን ከሰላም ተቀበልኩ። «ሠላሳ ዓመት ኬክሮስና ኬንትሮስ ያስተማርኩ ሰው እያለሁ አንቺ አትመሪም» አልኳት። ቁጥሩን አየሁ፣ አቅጣጫ ሰጠሁ፣ ፊት ፊት ሄድኩ። በባሕር ዛፍ ውስጥ፣ በቀርከሃ ውስጥ፣ ከዚያ በሳማ ውስጥ። ግማሽ ሰዓት። ሳማው እስከ ወገቤ ለብልቦኝ አንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆምኩና «እዚህ ነው!» አልኩ።

ወልዴ ከኋላዬ መጣ። ጉድጓዱን አየ።

«መምህር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይህ መጸዳጃ ቤቱ ነው።»

ሁለት አኃዝ አገላብጬ አንብቤያለሁ ለካ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። ሰላም ሳቋን በእጇ አፍና ጂፒኤሷን ተቀበለችኝ። እኔ እግሬን እያከክሁ አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ወልዴ መጸዳጃ ቤቱን አወቀው! እዚህ ሰፈር በእርግጥ ኖሯል ማለት ነው። ጥርጣሬዬ ፉርሽ ሆነ። ወንበሩ ከእጄ ሲሸሽ ታየኝ።

ከዚያ ወዲህ ወልዴ ተለወጠ። ፈርሶ የቀረውን ግንብ፣ ሣር የዋጠውን መሠረት ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። «እዚህ ጋ የእንጨቱ ክምር ነበር። እዚህ የውሃው በርሜል፣ ሦስት ነበሩ፣ አንዱ ያፈሳል። ዱቄቱ እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ ጣውላ ላይ፣ እርጥበት እንዳይነካው። ሽንኩርቱ በዚህ በኩል…»

«መድፉስ?» አልኩት።

«እ?»

«መድፉ የት ነበር የሚተከለው?»

«መድፉማ… እዚያ ወዲያ» አለና እጁን አወናጨፈ። እጁ ያሳየው ግማሽ ሲዳማን ነው።

ትዝታ ሁሉ ሽታ አለው። የዚህ ሰው ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ጂፒኤሱ ሰላምን እየጎተተ ወደ ግቢው ማዕዘን ሲወስዳት ወልዴ ሳይነግሩት ቀድሟት ደረሰ። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ግማሹ የተናደ፣ ትልቅ የዳቦ ምድጃ ነበር። ወልዴ መዳፉን ምድጃው ግንብ ላይ አሳረፈና እንደ በሬ ሻኛ ደባበሰው።

ሰላም ጎንበስ ብላ የምድጃውን ሆድ በእጇ ፈተሸች። ባዶ ነው። ድንጋይ አነሳች፣ አመድ ጫረች። ምንም የለም። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች።

ያን ጊዜ ጥበቃው፣ «ምነው ቀድማችሁ አትነግሩኝም? ፈረንጁ የረሳው ዕቃ ከሆነ እኮ እማማ አየለች ቤት ነው ያለው» አለ። ከአጥሩ በታች ያለች ጎጆ አሳየን።

ወልዴ ከምድጃው ላይ እጁን አነሳ። «እንመለስ» አለ። «ዝናብ ሊመጣ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ ላይ አንድ ጭረት ደመና የለም። «ቢዘንብም እንጠለላለን» አልኩና ክንዱን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። እግሩን ወደ ኋላ ይጎትታል። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ሰው እባል ነበር። አላቆምኩም።

እማማ አየለች ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ የጌዴኦ እናት ናቸው። እንሰት ይፍቁ ነበር፤ እጃቸውን ጠርገው ተነሡ። ሰላም ስለ ሣጥኑ ስትጠይቃቸው ጎጆ ገብተው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ፈቱት። አረንጓዴ የላስቲክ ሣጥን። አቧራ አልነካውም።

«ፈረንጅ ረሳ» አሉ። «እኔ አየሁ። ምድጃ ውስጥ አስቀመጠ፣ ሄደ። ዝናብ ይገባል ብዬ አወጣሁ። ይመጣል አልኩ። ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። አልመጣም። አንቺ የሱ ዘመድ ነሽ?»

ሰላም ምን ትበላቸው? ሆነ ብሎ ነው የደበቀው፣ ጨዋታ ነው ትበላቸው? ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። «ዘመዱ ነኝ እማማ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

«የሰው ዕቃ የሰው ነው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እንሰቱ ሄደ። ሃምሳ አለቃ ወልዴ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ከአንድ የእንሰት ቅጠል ጀርባ ቆሟል። እንሰት ሰፊ ነው፤ ወልዴን ለመደበቅ ግን ሦስት ይፈጃል።

«ያ ማነው? ና ወዲህ። ኮፍያ አውርድ።»

ወረደ ኮፍያው። አሮጊቷ ቀረብ ብለው አዩት። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች። ፊታቸው በሳቅ ተፈታ።

«ወልዴ! ወልዴ ዳቦ!» ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙት። እሱም ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ሳቃቸውን ቀጥ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቀሚሴስ?»

ወልዴ መሬት መሬት አየ። «እማማ…»

«አበባ ያለበት ቀሚሴ። በገበያ ቀን እመልሳለሁ አልክ። ስንት ገበያ ሄደ? የፈረንጅ ሣጥን እኔ ጠበቅኩ። የኔን ቀሚስ ማን ጠበቀ?»

ነገሩን እሳቸው በአጭሩ፣ ወልዴ ኋላ መንገድ ዳር መኪና ስንጠብቅ በረጅሙ ነገሩኝ። አንድ ላይ አድርጌ ልስጣችሁ።

ወልዴ ወታደር ነበር፤ ግን ተራ ወታደር፣ ያውም ዳቦ ጋጋሪ። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን አንድ ማለዳ አዛዦቹ በመኪናቸው ሹልክ አሉ። ወታደሩም ወሬውን ሲሰማ ተበተነ። ወልዴ ግን ምድጃ ውስጥ ዳቦ ነበረው። «ሊጡን እንዴት ጥዬ ልሂድ?» አለኝ። «ዳቦ ካልበሰለ ይበላሻል።» አገር ሲፈርስ እሱ ዳቦ ይገለብጣል! ዳቦው ሲወጣ የሚበላው ሰው የለም። ለመንደሩ አደለው። ከዚያ ነው ብቻውን መቅረቱ የገባው። የወታደር ልብስ የለበሰ ሁሉ መንገድ ላይ ይያዛል። እማማ አየለችን ልብስ ለመነ። ባለቤታቸው ያለው የለበሰው ልብስ ብቻ ነው። ሁለት ልብስ ያለው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ኬላ ላይ አላወቁህም?» አልኩት።

«ሻሽ አስሬ፣ ጀርባዬ ላይ ማገዶ ተሸክሜ ነበር።» አለ። «ያስቆሙኝ ልጆች "እናቴ፣ እንዴት ይህን ሁሉ ትሸከሚያለሽ" ብለው ዳገቷን አገዙኝ።»

ሳቄ ሊያፈነዳኝ ደረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ቀጥሎ የነገረኝ ደግሞ ሳቄን ወሰደው። ዲላ ገብቶ ሲኖር አንድ ቀብር ላይ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ሲደነባበሩ አይቶ «በዚያ በኩል ያዙ!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ሽማግሌ «ሃምሳ አለቃ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ሃምሳ አለቃ አለው።

«ማዕረጉን አልሰረቅሁም መምህር። ሰጡኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ ብል ኖሮ አንተ ራስህ ድንኳን ትከል ስልህ ትሰማኝ ነበር?»

አልሰማውም ነበር።

«ምርጫ እንደደረሰ አውቃለሁ» አለ። «ንገራቸው። ስለ ማዕረጉ ንገራቸው። የቀሚሱን ነገር ብቻ ተውልኝ።»

«እናያለን» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። ሰላም ሰምታ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። «ጋሼ፣ ነውር ነው» አለች። ሣጥኑን እማማ አየለች ዘንድ ነበር ትታው የመጣችው። «ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለውም» ብላ ደብተሩ ላይ የሦስታችንን ስም ጻፈችና መልሳ ሰጠቻቸው። እሷ ሐዋሳ ገባች፣ እኔ ከምስጢሬ ጋር ቀረሁ። ምስጢር በሆድ እንደ ጠላ ነው፤ ይፈላል። በየቀኑ ንግግሬን አዘጋጃለሁ። «የተከበራችሁ የእድሩ አባላት፣ ዛሬ ስለ አንድ ምድጃ ልነግራችሁ…»

ምርጫው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ገበያ ወጣሁ። ልብስ ተራ ሳልፍ ምን አየሁ? ወልዴን። አበባ ያለበት ቀሚስ ደረቱ ላይ ዘርግቶ በመስታወት ይለካል። «ይህ ትከሻው ጠበበ» ይላል ነጋዴውን። «በኔ ልክ መሆን አለበት። በኔ ልክ ነበር።» ነጋዴው ሳቁን መያዝ አቅቶታል። በአጠገቡ የሚያልፈው ሁሉ ያያል። ሃምሳ አለቃ ቀሚስ ይገዛል! ለሚስቱ እንዳይባል፣ ሚስቱ እትዬ ጥሩነሽ ቀጭን ናቸው፤ እዚያ ቀሚስ ውስጥ ሁለቴ ይገባሉ።

ዲላ ትልቅ ከተማ ናት ትላላችሁ። ወሬ ሲሆን አንድ ክፍል ቤት ናት። እስከ ማታ ወልዴ ውሽማ ይዟል ተባለ። በነጋታው ወፍራም ናት ተባለ። በሦስተኛው ቀን ስሟና ሰፈሯ ታወቀ፤ ያውም ሁለት ስም፣ ሁለት ሰፈር።

እሑድ የእድሩ አዳራሽ ጢም ብሏል። የሞተ ሳይኖር እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ወልዴ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ እኔ ከጎኑ ደብተሬን ይዤ። ንግግሬ በኪሴ ነው። ስብሰባው ገና ሲከፈት እትዬ ጥሩነሽ ተነሡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ፈትተው ቀሚሱን ከፍ አድርገው ለሕዝብ አሳዩ።

«ከልብስ ሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁት ነው» አሉ። «ሃያ ዓመት አብሬው ኖርኩ። የማን እንደሆነ እዚሁ ይናገር። ካልተናገረ ማታ ቤቴ አይገባም። እድሩም ይወቀው።»

ሰው ሁሉ ወልዴን አየ። ወልዴ አፉን ከፈተ። ዘጋው። እኔ ውስጡን አነበብኩት። ሰውየው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ውሽማ አለኝ ይላል፣ ወይ ቀሚስ ለብሼ ነበር ይላል። ታምኑኛላችሁ? ውሽማውን ሊመርጥ ነው! ከኋላ ያሉት ወንዶች ደግሞ ደስ ባላቸው ዓይን ያዩታል፤ በዚህ ዕድሜ፣ ጎበዝ፣ እያሉ። እትዬ ጥሩነሽን ግን አየሁ። ነጠላቸውን በጥርሳቸው ይዘው፣ እንዳያለቅሱ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

ወልዴ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ብቻ «ተውልኝ» ይለኛል።

ተነሣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለምን እንደተነሣሁ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ላድነው ነው? ወይስ አፌን በልቶኝ ነው? ያዘጋጀሁትን ንግግር ሳላወጣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ምድጃውን፣ ሊጡን፣ አዛዦቹ ሲሸሹ ዳቦ ሲያገላብጥ መቅረቱን፣ ማዕረግ እንዳልነበረው፣ ሻሹን፣ ማገዶውን፣ ኬላውን፣ የአሮጊቷን ቀሚስ። ሳማና ጉድጓድ ያለበትን ክፍል ብቻ አሳጠርኩት። ጸሐፊ አይደለሁ?

ስጨርስ ወልዴ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኗል። እኔም ደንግጫለሁ፤ ሰው የገደልኩ ያህል ሆነብኝ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ሳቁም አለቀሱም፣ ለየት አድርጎ ማወቅ አይቻልም ነበር። «እኔን!» አሉ። «በየበዓሉ ድፎውን አትንኪብኝ የሚለኝ ለዚህ ነው ለካ! እኔ ሙያ የለሽም እያለኝ መስሎኝ ሃያ ዓመት ሳኮርፈው!» ከዚያ አዳራሹ ፈረሰ። አንዱ እየሳቀ ከአግዳሚ ወደቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት ሴት፣ «ሁሉም ሲሸሽ ዳቦውን ያልጣለ ሰው እድራችንን ይጥላል?» ብላ ጮኸች። ምርጫው እዚያው ላይ ተካሄደ። ንግግር የለ፣ ክርክር የለ። ወልዴ ዳኛ፣ እኔ ጸሐፊ። ለሐዘን ቤት የሚቀርበውን ዳቦም ዳኛው ራሱ ይጋግር ተባለ፤ ያም ጸደቀ። ወልዴ የተጨመረለትን የዳቦ ሥራ ሲሰማ ፊቱ እንደ ልጅ በራ።

ቀሚሱን እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው ቡሌ ድረስ ለእማማ አየለች ወሰዱላቸው፣ ጋቢ ጨምረው። ሁለቱ ሴቶች አሁን በየገበያው ይላላካሉ። እኔ ግን እስካሁን ለማን ማዘን፣ ለማን መደሰት እንደሚገባኝ አላወቅሁም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። ልክ ናቸው። ሲጠራ ለማን እንደሚጠራ ግን አልነገሩንም። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በሙሉ ድምፅ ተመረጠ» ይላል። አልዋሸሁም። ቆጥሬ ሳልጨርስ አንድ እጅ ከፍ ብሎ አየሁና ቀና ብል የራሴ ነበር።